የማይመለስ ቀን ባለ አደራ

ሰው እጁን ከሚያሳርፍበት ሥራ አብዛኛው ቢበላሽ የሚታረም ነው። ልብስ ሰፊ እጅጌ ቢያሳጥር ፈትቶ፣ ጨርቅ ጨምሮ ይሰፋዋል፤ ግንበኛ ግድግዳው ቢዘምበት አፍርሶ ያቆመዋል፤ ጸሐፊም ቃል ቢሳሳት ሰርዞ ሌላ ይጽፋል። በነዚህ ሥራዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት የጊዜና የገንዘብ ጉዳት ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ካመለጡ በገንዘብም ሆነ በይቅርታ የማይመለሱ ጥቂት ሥራዎች አሉ። ከነዚህም አንዱ፣ ብዙ ሰው እንደ ቀላል የሚቈጥረው፣ ሠርግንና ሕፃንን በፎቶግራፍ የማንሣት ሥራ ነው። ሙሽሪት ተመርቃ ከእናቷ ቤት የምትወጣው በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ነው፤ የዐሥር ቀን ሕፃንም በማግስቱ የዐሥር ቀን ሕፃን አይደለም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ «ይህ የእጅ ሥራ ጉዳይ ነው እንጂ የግብረ ገብ ጉዳይ አይደለም» ትል ይሆናል። ፎቶግራፍ አንሺ ገንዘቡን ተቀብሎ ሥዕሉን ካስረከበ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ዕዳ አለበት? እኔ ግን ትንሽ መስሎ በሚታየው በዚህ ሥራ ውስጥ ሰው ሁሉ በየሙያው የሚገናኘው አንድ ትልቅ ጥያቄ ተሰውሮ አገኛለሁ። ይኸውም፣ ሥራው እንዲያምር የሚያስፈልገው ነገርና ሥራው የሚሠራለት ሰው ዕረፍትና ክብር ቢጋጩ ማንኛው ይቅደም? የሚል ነው። ሥዕሉ እንዲያምር ሲባል ሙሽሪት በፀሐይ ትቁምን? ሕፃኑስ ያልቅስን? መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀጥዬ እዘረዝራለሁ። ሰው ከሥዕል ይቀድማል። ነገር ግን ይህን ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከነዚህ ግጭቶች አብዛኛው የሚመጣው ከነገሩ ባሕርይ ሳይሆን ከአንሺው አለመዘጋጀት ነውና። አንሺው አስቀድሞ ያልተሸከመውን ድካም በኋላ ሙሽሪትና ሕፃኑ ይሸከሙታል።

ይህን ለመረዳት የፎቶግራፍን ታሪክ ጥቂት መመልከት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።) የፈረንሳዊው የሉዊ ዳጌር ጥበብ በፓሪስ ለዓለም የተገለጠው በ1839 ነበር። በዚያን ጊዜ በብር የተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ ብርሃንን የሚቀበለው በዝግታ ስለ ነበር፣ ተነሺው ለብዙ ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት፤ ራሱ እንዳይወዛወዝም ከኋላው ብረት ይደገፍለት ነበር። ለዐዋቂ ይህ ትዕግሥት ነው፤ ለሕፃን ግን የማይቻል ነገር ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የሕፃናት ሥዕሎች ውስጥ አንድ አስገራሚ ነገር ይታያል። ሕፃኑ ከተቀመጠበት በስተኋላ ጨርቅ የለበሰ ወንበር የሚመስል ነገር አለ፤ አተኵሮ ለተመለከተው ግን ወንበር አይደለም፤ እናቲቱ ናት። ልጇ እንዳይንቀሳቀስ ይዛ፣ ፊቷን በጨርቅ ተሸፍና ተቀምጣለች። መሣሪያው ያልቻለውን ድካም እርሷ ተሸከመችው፤ ዋጋዋም ከሥዕሉ መሰወር ሆነ።

በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ስታገባ፣ ሠርጓን በፎቶግራፍ ያስቀረ ሰው አልነበረም። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1854፣ ሮጀር ፌንተን የተባለው ባለሙያ እርሷንና ባሏን ልዑል አልበርትን የክብር ልብስ ለብሰው አነሣቸው። ዛሬ ያንን ሥዕል አይቶ የሠርጋቸው ቀን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በዚያ ሥዕል ላይ የምትታየው ሴት የብዙ ልጆች እናት እንጂ የሃያ ዓመት ሙሽራ አይደለችም። የሰፊ ግዛት ንግሥት እንኳ ያለፈውን ቀን መልሳ ልታስነሣው አልቻለችም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥበቡ ደረጃ በደረጃ ሄደ። በ1887 በጀርመን አገር ማግኒዥየም ያለበት የብልጭታ ዱቄት ተሠራ፤ ጨለማ ቤት ውስጥ ማንሣት ቀለለ፤ ነገር ግን ዱቄቱ ጢስና የእሳት አደጋ ነበረው። በ1930 ግድም ብልጭታው በአምፖል ውስጥ ተዘግቶ ጢሱ ቀረ። ፊልሙም እየፈጠነ ሄደ፤ ቀጥሎም ያለ ፊልም የሚሠራው ካሜራ መጣ። እነዚህን ለውጦች አስተውሎ ለሚመለከታቸው ሰው አንድ መንገድ ይታያል። እውነተኛ መሻሻል የተባለው ሁሉ ሸክሙን ከተነሺው ትከሻ ላይ አንሥቶ ወደ አንሺውና ወደ መሣሪያው ያዛወረ ነው። ስለዚህም ዛሬ ሰነፍ አንሺ ሙሽሪትን ሲያደክም ወይም ሕፃንን ሲያስጨንቅ፣ ሥራው አዲስ መሣሪያ ቢይዝም ምግባሩ ወደ ጥንቱ ተመልሷል፤ ለሌላው የተሰጠውን ሸክም ደግሞ በተነሺው ላይ ጭኖታልና።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። ከዚያ በኋላ በየከተማው የፎቶግራፍ ቤት እየተከፈተ ሲሄድ፣ ሕዝቡ ያለ የሌለ ልብሱን ለብሶ ወደ አንሺው ቤት ይሄድ ነበር። በዚያ ቤት መብራቱም፣ መጋረጃውም፣ ወንበሩም የአንሺው ነው። ዛሬ ግን አንሺው ራሱ ወደ ሠርጉ ቤት ይሄዳል፤ እዚያም አንድ ነገር እንኳ የእርሱ አይደለም። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

የሠርጉን ቀን አንድ በአንድ እንመልከት። ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታትና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አንድ ባለሙያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ሠርግ ሊጠራ ይችላል። ጧት በሙሽሪት ቤት፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሚዜዎች፣ አክስቶች፣ ጠጕር ሠሪዎችና ሕፃናት ተጨናንቀዋል። በመስኮት የቀን ብርሃን ይገባል፤ በጣሪያው ላይ ቢጫ አምፖል በርቷል፤ የፊቱ ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ያልተዘጋጀው አንሺ በዚህ ጊዜ ይጮኻል፤ ሰውን ያስወጣል፤ ሙሽሪትን ከተቀመጠችበት ያስነሣል። የተዘጋጀው ግን በዋዜማው መጥቶ ቤቱን አይቷል። መስኮቱ በየት በኩል እንደ ሆነ፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደሚገባ ያውቃል፤ ስለዚህ ገና ከማለዳው የሙሽሪትን ወንበር በመስኮቱ አጠገብ እንዲያኖሩለት በትሕትና ይለምናል፤ አምፖሉንም ያስጠፋል። ሥዕሉ አማረ፤ ሙሽሪትም አልተነካች። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለወጥ ቤት ብቻ የተነገረ አይደለም።

ሌላው ችግር ነጭ ልብስ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ በነባር አሠራሩ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ ነጭ ቀሚስና ነጭ ጋቢ በሞላበት ስፍራ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ልብሱ አመድ ይመስላል፤ የጠይሙ ሰው ፊት ግን ይጨልምና ዓይኑ እንኳ አይለይም። ይህም የመለኪያው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኮዳክ ኩባንያ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለፎቶግራፍ አጣቢዎች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ በላዩ ነጭ ሴት ያለችበት ነበር፤ «ሸርሊ» ይሉት ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ በእርሷ መልክ ይለካ ነበር ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው፣ መሣሪያ የሠሪዎቹን አስተያየት ይዞ እንደሚመጣ ነው። በመሣሪያው አመካኝቶ የአያቲቱን ፊት በጨለማ የሚያስቀር አንሺ፣ «ካሜራው ነው» ቢል ምክንያቱ አይረባም፤ መለኪያውን ከልብሱ አንሥቶ ወደ ፊቷ ማዞር የእርሱ ሥራ ነበርና። እንዲሁም ሥዕሉን በኋላ በኮምፒውተር ሲያስተካክል የሙሽሪትን መልክ ከተፈጠረችበት አቅልቶ የሚያስረክብ ሰው፣ ደስ ያሰኘ ይመስለዋል እንጂ መልክሽ አይበቃም ብሎ በጽሑፍ ከመስጠት የሚለይ ነገር አላደረገም።

ከዚያም ቤተ ክርስቲያን አለ። በተክሊል የሚያገቡ ሙሽሮች ካባ ለብሰው፣ አክሊል ደፍተው በሚቆሙበት ሰዓት ብርሃኑ የጧፍና የጥቂት መብራት ብርሃን ነው። አንሺው ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ የማያልፍበት ስፍራ አለ፤ ጸሎቱ ቁም ቢሉት የማይቆም፣ ድገሙት ቢሉት የማይደገም ነው። በሙስሊሙም ቤተሰብ አንዳንድ ቤት ሴቶች ብቻ የሚሰበሰቡበት ክፍል አለ፤ ወንድ አንሺ አይገባም፤ ሴት ባለሙያ ማግኘት ያስፈልጋል። በነዚህ ስፍራዎች ብልጭታ እያበራ ካህኑን የሚያደናግር፣ ወይም ወደ ተከለከለው ክፍል ካልገባሁ የሚል ሰው «ሥራዬ ነው» ይላል። ነገር ግን የተጠራው በዓሉን ሊያስታውስ ነው፤ በዓሉን ካወከ የሚያስታውሰው የራሱን ሁከት ነው። ብልሁ ሰው በዝቅተኛ ብርሃን የሚሠራ ሌንስ ይዞ፣ ከሳምንት በፊት አባቶችን ፈቃድ ጠይቆ፣ የት እንደሚቆም ተነግሮት ይመጣል። ባልተፈቀደለትም ስፍራ ካሜራውን ዝቅ ያደርጋል። ሥዕል የሌለው ጸሎት ጸሎት ነው፤ ጸሎት የሌለው ሥዕል ግን ምን ይባላል?

የመናፈሻውም ነገር አለ። በአዲስ አበባ ሙሽሮች ለብዙ ዓመታት ወደ ብሔረ ጽጌ እየሄዱ ፎቶግራፍ ይነሡ ነበር፤ ዛሬም ወደ ልዩ ልዩ መናፈሻ ይሄዳሉ። ልማዱ መልካም ነው፤ ዛፉና አበባው ለዓይን ያምራል። ነገር ግን በብዙ ሠርግ ላይ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሙሽሮቹ ቁርስ አልቀመሱም፤ ጫማው ይቈነጥጣል፤ አንሺው «አንድ ጊዜ ብቻ» እያለ ሃያ ጊዜ ያስቆማቸዋል፤ በአዳራሹ ደግሞ ከገጠር የመጡ ሽማግሌዎች ከቀትር ጀምሮ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ምግቡ ይቀዘቅዛል፤ ዘመድ ይተዛዘባል። በዚህ ጊዜ ሠርጉ የሙሽሮቹ መሆኑ ቀርቶ የሥዕሉ ሆኗል። ብርሃኑ የሚያምረው ማለዳና ወደ ማታ እንጂ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም አይደለም፤ በቀትር ዓይን ሥር ጥላ ይወድቃል፤ ሰውም ዓይኑን ይጨፍናል። ይህን የሚያውቅ አንሺ አስቀድሞ ከሙሽሮቹ ጋራ ተማክሮ፣ «በመናፈሻው የምንቆየው ይህን ያህል ነው» ብሎ ይወስናል፤ ወይም በሌላ ቀን እንዲያደርጉት ይመክራል። በውሳኔውም ይጸናል። የሚፈልገውን ዐስቦ የመጣ ሰው በጥቂት ሥዕል ይረካል፤ ሳያስብ የመጣው በብዙው አይረካም።

ደግሞስ የሚነሣው ማን ነው? ብርሃን ወደ ደመቀበት፣ ልብስ ወዳማረበት፣ ገንዘብ ወዳለበት የሚሄደው ካሜራ ብዙ ነው። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በኋላ አልበሙ ሲገለጥ የሚፈለገው ፊት የባለሥልጣኑ እንግዳ ፊት አይደለም። በጓዳ በኩል ወጥ ስትሠራ ያደረችው አክስት፣ በማእዘኑ በርጩማ ላይ የተቀመጡት አያት፣ ከሩቅ አገር በእግር የመጣው አጎት ናቸው። ከነርሱ አንዳንዶቹ ያ ሥዕል የመጨረሻቸው ይሆናል። አንሺው ግን እንግዳ ነው፤ ማን ማን እንደ ሆነ አያውቅም። ስለዚህ ከዘመድ አንዱን ጠርቶ «ማንን ሳላነሣ ብቀር ይቈጫችኋል?» ብሎ መጠየቅና ስማቸውን መጻፍ ይገባዋል። ይህች አጭር ጥያቄ ዋጋ አታስከፍልም፤ ጥቅሟ ግን ከሌንስ ሁሉ ይበልጣል።

ማታ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሌላ አደራ ይጀምራል። በፊልም ዘመን አንሺው የሠራውን ሳያይ ጥቅሉን ይዞ ወደ ጨለማ ክፍል ይገባ ነበር፤ ኬሚካሉ ቢበላሽ ወይም ብርሃን ቢገባ ሠርጉ ሁሉ ጠፋ ማለት ነበር። ዛሬ ሥዕሉ በትንሽ የካሜራ ካርድ ላይ ነው፤ ካርዱ ሊጠፋ፣ ሊሰረቅ፣ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ሁለት ካሜራ ይዞ ይሄዳል፤ ካሜራው ሁለት ካርድ የሚቀበል ከሆነ በሁለቱም ላይ ይጽፋል። በሙያው የታወቀ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ ላይ ይሁን፣ አንዱ ከቤት ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ ይላል። ይህን የሚያደርገው ከደከመ በኋላ፣ እንቅልፍ በዓይኑ ሲዞር፣ ማንም ሳያየው ነው። ማንም የማያመሰግንበት ሥራ ነው፤ ካልጠፋ እንዳልጠፋ የሚያውቅ የለምና። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ያሉት አባቶቻችን የዚህን ዓይነቱን ሰዓት ያወቁ ይመስለኛል። የሰው ምግባር በአዳራሹ መብራት ፊት ከሚታየው ይልቅ በዚህ ሌሊት ይታወቃል።

እንግዲህ ወደ ሕፃኑ እንለፍ። ሙሽሪት ብትደክም «ይበቃኛል» ማለት ትችላለች፤ ሕፃን ግን ያለው ቃል ልቅሶ ብቻ ነው። ፈገግ በል ቢሉት አይሰማም፤ ቁም ቢሉት አይቆምም፤ ጡት የሚፈልገው በራሱ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሕፃን ለማንሣት የመጣ ሰው ሰዓቱን ከቤቱ ውጭ ትቶ ይምጣ። ሕፃኑ ከጠገበ፣ ካንቀላፋ፣ ክፍሉም ከሞቀ በኋላ የመስኮት ብርሃን ብቻ ይበቃዋል። አራስ ሕፃን ሙቀቱ ቶሎ የሚያልቅ ነው፤ ልብሱ ከተገለጠ ለዐዋቂው ሙቀት የሚበዛበት ክፍል ለእርሱ ልክ ነው። አንሺው እጁን ይታጠብ፤ ጕንፋን ወይም ሳል ከያዘው ደግሞ ቀጠሮውን ያፍርስ። የተላለፈ ቀጠሮ ገንዘብ ያጐድላል፤ የተላለፈ በሽታ ግን ከዚህ የበለጠ ያጐድላል።

በዓለም ላይ የተለመደ አንድ ሥዕል አለ፤ አራስ ሕፃን በክርኖቹ ተደግፎ፣ አገጩን በመዳፎቹ ላይ አሳርፎ የሚያስብ ይመስላል። የተመለከተው ሁሉ ይስቃል፤ ይወደዋልም። ነገር ግን አራስ ሕፃን ራሱን መሸከም አይችልም፤ ብቻውን እንዲህ ቢያደርጉት አንገቱ ሊጐዳ፣ ሊወድቅም ይችላል። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች የሚሠሩት ሁለት ጊዜ አንሥተው ነው። በመጀመሪያው ወላጅ የሕፃኑን ራስ ከላይ ይዞ፣ በሁለተኛው እጆቹን ከታች ደግፎ ይነሣል፤ ከዚያም አንሺው ተቀምጦ ሁለቱን ሥዕል አንድ ያደርግና የወላጁን እጅ ያጠፋል። ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል፤ ያልተማረው ግን ያንኑ ሥዕል በአንድ ጊዜ ማንሣት ይፈልጋል። እነሆ፣ የነገሩ ሁሉ ማስረጃ እዚህ ላይ ተገኘ። ሥዕሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ድካሙ በማን ላይ እንደ ወደቀ ነው፤ በአንዱ ሥራ በአንሺው ዓይንና ጀርባ ላይ፣ በሌላው በሕፃኑ አንገት ላይ።

በአገራችን የብዙ ክርስቲያን ሕፃን የመጀመሪያ የአደባባይ ቀን የክርስትናው ቀን ነው፤ ለወንድ በ40 ቀን፣ ለሴት በ80 ቀን። ከዚያ በፊት ብዙ እናቶች ልጃቸውን ለእንግዳ ዓይን ማሳየት አይወዱም፤ ሰው ዓይን ይበላዋል ብለው ይፈራሉ። አንሺው ይህን አያምን ይሆናል። ነገር ግን በአራስ ቤት ውስጥ የተጠራው ሊከራከር አይደለም። እናት «ፊቱን አታንሣው» ካለች የትንሽ ጣቶቹን፣ የእግሩን፣ በእርሷ ጣት ላይ የተጠመጠመውን እጁን ያንሣ። በክርስትናውም ዕለት ሕፃኑ ራቁቱን ወደ ውሃ ሲገባ ያለቅሳል፤ ያ ልቅሶ የዕለቱ እውነት ነውና ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ሕፃኑ ለሥዕል ሲባል በብርድ ላይ አንዲት ደቂቃ እንኳ ሊቆይ አይገባም። ካህኑ አጥምቆ ለእናት እጅ ሲሰጠው፣ ቅድሚያ የጨርቁ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል። የሕፃኑ ሥዕል የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው አንቀጽ፣ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥም ይከለክላል። ሕፃን ግን ፈቃዱን መናገር አይችልም፤ ወላጆቹ ስለ እርሱ ይፈቅዳሉ። ወላጆችስ ሁሉን መፍቀድ ይችላሉን? በ1991 ኒርቫና የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ቡድን ባወጣው አልበም ሽፋን ላይ፣ በመዋኛ ውሃ ውስጥ ራቁቱን የሚታይ የአራት ወር ሕፃን አለ። ሥዕሉ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ያ ሕፃን ግን አድጎ በ2021 በዚሁ ሥዕል ምክንያት ክስ አቀረበ። የሕጉ ክርክር ለዳኞች ነው፤ ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ሌላ ነው። በዚያን ቀን በመዋኛው ስፍራ ካሜራ የያዘው ሰውና ወላጆቹ ነበሩ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ሰው ግን ገና አልመጣም ነበር። ሕፃንን የሚያነሣ ሁሉ በዚህ ዓይነት ፍርድ ፊት ይቆማል፤ ዳኛው ገና በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ስለዚህ አንሺው ወላጆቹ የፈቀዱትን ሁሉ አያድርግ፤ ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው ያፍርበት ይሆን? ብሎ ይጠይቅ። ከሥራው ናሙና አድርጎ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የሚለጥፈውንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያስፈቅድ። ሠርጉም እንዲሁ ነው። ሙሽሪት ስትለይ ከአባቷ ጋራ ያለቀሰችበት ሥዕል ለቤተሰቡ ሀብት ነው፤ ለገበያ ማስታወቂያ ሲሆን ግን የሰው እንባ ተሽጧል። ማንሣትና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ሰው እንዲህ ይል ይሆናል፤ «አንተ ሁሉን በአንሺው ላይ ጫንህ፤ ደንበኛውስ? በርካሽ ዋጋ ይከራከራል፤ በሰዓቱ አይደርስም፤ ስድሳ ዘመድ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ አንሣልኝ ይላል፤ ሥዕሉንም በማግስቱ ይጠይቃል። አንሺውም እንጀራ የሚበላ ሰው ነው።» ይህ እውነት ነው፤ እንዲያውም ቅሬታው ተገቢ ነው። መልሴ ግን፣ ለዚህም መድኃኒቱ ያው አስቀድሞ መሸከም ነው የሚል ነው። በስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ ስንት ሥዕል እንደሚያስረክብ፣ መቼ እንደሚያስረክብ፣ ስንት እንደሚከፈለው በግልጥ ተነጋግሮ ቢጽፍ፣ በሠርጉ ቀን የሚመጣው ጠብ ግማሹ በዋዜማው ያልቃል። ያልቻለውንም «አልችልም» ይበል። በአንድ ቀን ሁለት ሠርግ ተቀብሎ ለሁለቱም ግማሽ ሰው ከመሆን፣ አንዱን ለባልንጀራው አሳልፎ መስጠት ይሻላል። በቂ ዋጋ መጠየቅ ስግብግብነት አይደለም፤ በአነሰ ዋጋ ተቀብሎ በሥራው ላይ መቀነስ ግን ክህደት ነው።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ረቂቅ ነው። «ታላላቅ ሥዕሎች የተገኙት ሰውን ደፍረው በቀረቡ ሰዎች ነው፤ አንተ እንደምትለው የሚጠነቀቅ ሰው መልካም ሥዕል ያጣል» ይባላል። ይህንም አልክድም። ጥንቃቄ ያደረገ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያስደንቅ ሥዕል ያመልጠዋል። ነገር ግን አንሺው በዚያ ቤት የተጠራው ለራሱ ስም ሊሠራ አይደለም። ሲጠራ የገባው ቃል ለዚያ ቤት ነው። ያ ሥዕል ካመለጠው ያጣው እርሱ ነው፤ ሙሽሪት ወይም ሕፃኑ በመጨነቁ ካገኘው ግን የከፈሉት እነርሱ ናቸው። በሌላ ሰው ኪስ ደግሶ ለጋስ መባል አይቻልም።

ወጣቶች ሆይ፤ ይህን ሁሉ ስታነቡ «እኛ ፎቶግራፍ አንሺዎች አይደለንም» አትበሉ። ዛሬ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ አንሺ ነው። በሠርግ ቤት ሙሽሮች ሲገቡ ስልኩን ከፍ አድርጎ ከኋላው ያሉትን ሽማግሌዎች የሚጋርድ፣ የእኅቱን ልጅ ሲያለቅስ እያየ ከማባበል ይልቅ የሚቀርጽ፣ የተኛ ሕፃን ፊት ላይ ብልጭታ የሚያበራ፣ ያልጠየቃቸውን ሰዎች ሥዕል ለሺህ ሰው የሚልክ ሰው፣ ገንዘብ ስላልተቀበለ አደራ የለበትም ማለት አይደለም። በሠርግ ቤት ስልካችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ከኋላችሁ ማን እንዳለ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። አንድ ሥዕል አንሡ፤ ከዚያም ስልኩን አስቀምጡና እልል በሉ፤ የተጠራችሁት ለዚያ ነውና። ለአያቶቻችሁ ያነሣችሁትን አሳትማችሁ ስጧቸው፤ በስልክ ውስጥ የታሰረ ሥዕል ለእነርሱ እንዳልተነሣ ነው።

ይህ ምክር ከካሜራ ውጭ ለሆነውም ሙያ ይሠራል። አስተማሪ ትምህርቱን ሳያዘጋጅ ቢገባ ድካሙን ተማሪው ይሸከማል፤ ሐኪም ዕቃውን ሳያሰናዳ ቢጀምር ሕመሙን በሽተኛው ይሸከማል። በያዛችሁት ሥራ ሁሉ ነገሩ ሲከብድ «ይህን ሸክም አሁን የተሸከመው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ከእኔ የሚደክመው፣ ከእኔ የሚያንሰው፣ መናገር የማይችለው» የሚል ከሆነ፣ ሥራው በውጭ ቢያምርም ዕዳ አለበት። ሠርጉ ያልፋል፤ ሕፃኑም ያድጋል፤ አልበሙ ግን በመደርደሪያ ላይ ይቆያል። አንድ ቀን የዛሬው ሕፃን ገልጦ ያየዋል፤ በሥዕሉ ላይ የማይታየውን ሰው፣ ካሜራውን የያዘውን፣ በዚያን ጊዜ ያውቀዋል።